አይሮፕላን ርክክብ በደባርቅ ጓዳ

ለጥምቀት ደባርቅ ብቅ ባልሁ ጊዜ የአክስቴ ልጅ ሰላምታችንን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ «ጋሼ፣ ዛሬ ማታ አይሮፕላን እንረከባለን» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እሱ ግን አልሣቀም። ሞባይልና ቴሌቪዥን ከሚጠግንባት የመንገድ ዳር ክፍል በስተጀርባ ባለችው ጓዳ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር፣ ሁለት የመኪና ባትሪ፣ ከጎንደር በውሰት የመጣ ኢንቨርተርና ከተሰበረ የልጆች መጫወቻ የተቀጣጠለ መሪ አሰናድቶ ኖሯል። ግድግዳው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ቁጥር ብቻ ተለጥፏል፤ 13 ከ17።

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ የገባው በአሥራ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ነበር። 12,082 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሁለት ሞተር ብቻ ላለው የመንገደኞች ጄት በጊዜው ይህ ክብረ ወሰን ነበር። የአክስቴ ልጅ ያን ዕለት አልተወለደም፤ እኔም ገና ነበርሁ። ዓመቱን ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት በዚህ በረራ አይደለም። ወሎና ትግራይ በረሃብ የሚያልቁበት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ቀይ ጨርቅ የምታንጠለጥልበት ወቅት ነበር። የሆነ ሆኖ አይሮፕላኑ መጣ። ይህ ልጅም ከአርባ ዓመት በኋላ ያንኑ በረራ በዚያው በአይሮፕላኑ ዓይነት፣ ሰዓቱን ሳያሳጥር፣ ከደባርቅ ጓዳ ሆኖ ሊደግመው ተነሥቷል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ መብራት አስቀርቶታል። አንዴ አትላንቲክ መሐል፣ አንዴ ሜዲትራንያን ላይ፣ አንዴም ካርቱምን ካለፈ በኋላ። የሁለቱ ባትሪዎች ምሥጢር ይኸው ነው።

«ጊዜውን የሚያፋጥን ቁልፍ የለውም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። አለው። አንድ ሰዓት የሚፈጀውን በአራት ደቂቃ የሚያስጨርስ። ልጁ ግን የተፋጠነ ነገር ርክክብ አይባልም አለኝ።

መቼም አንባቢ «ሰው ቁም ነገር አጥቶ መጫወቻ ይተቻል?» ሳይለኝ አይቀርም። ይበለኝ። እኛ ሂስ እንጽፋለን የምንል ሰዎች ለልብ ወለድ፣ ለቴአትርና ለሙዚቃ የምናውለውን ዓይን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነፍገነው ኖረናል። አንድ ጎልማሳ በደባርቅ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያድር የሚያደርግ ሥራ ግን ከብዙ ልብ ወለዶቻችን የበለጠ ሰውን ይዞ የማቆየት ኃይል አለው። ሰው እንዲህ የሚወደው ነገር ካለ ደግሞ «ምኑን እያሳየህ ነው? ምኑንስ እየደበቀህ?» ብሎ መጠየቅ የሂስ ሥራ ይመስለኛል።

ነገሩ ፍላይት ሲሙሌተር ይባላል። በአማርኛ «የበረራ ማስመሰያ» እንበለው ብል የአክስቴ ልጅ ተቆጣ። ባይቆጣ ነበር የሚገርመኝ። በቋንቋችን ማስመሰል የሐሰተኛ ሰው ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚህች ጓዳ ውስጥ እንደሚያስመስል አይሰማውም። አሜሪካዊው ብሩስ አርትዊክ የሠራው ፕሮግራም በማይክሮሶፍት ስም ገበያ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ዓለሙ ጥቂት መስመሮች ነበሩ፤ ተጫዋቹ ቺካጎ ሐይቅ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ማረፊያ ይነሣል፣ ከዚያ ወዲያ የሚታየው ሜዳና የሕንፃ ቅርጽ የሚመስል ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ የሚጠቀምበት በ1999 የወጣውን እትም ነው። ነሐሴ 2012 ላይ የወጣው አዲሱ ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ በኢንተርኔት እየሳበ መላውን ዓለም ያሳያል፤ እኔም አዲስ አበባ አንድ ወዳጄ ቤት አይቼዋለሁ። ደባርቅ ላይ ግን ያ የሚታሰብ አይደለም። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ለረዥም ጊዜ ተዘግቶ በቆየበት ወቅት እነዚህ ሰዎች ፋይል የሚለዋወጡት በፍላሽ ነበር። ፍላሹን የሚያመላልሰው የሚኒባስ ረዳት ነው።

«እነዚህ ሰዎች» ያልሁት አምስት ስለሆኑ ነው። ሁለቱ ጎንደር፣ አንዱ ዳባት፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አምስተኛው የኛው። እርስ በርሳቸው «ካፒቴን» ይባባላሉ። የዳባቱ ካፒቴን የፊዚክስ መምህር ነው፤ በእውነተኛ አይሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ለነገሩ ከአምስቱ የተሳፈረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ለሕክምና። ሌላው ተጫዋች ተራራ ሥር ለሥር መሹለክ ወይም በድልድይ ሥር ማለፍ ይወዳል ይባላል። እነዚህ ግን የሚወዱት ርክክብን ነው። አዲስ አይሮፕላን ከተሠራበት ከተማ አንሥቶ ቦሌ ማግባት። ኤቨረት፣ ሬንተን፣ ቱሉዝ የሚሉትን ስሞች እኛ ቋራ፣ ወገራ፣ ጃናሞራ እንደምንለው ያለ ምንም ድንጋጤ ይጠሯቸዋል። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ መደረጉን፣ የመጀመሪያው 787 ድሪምላይነር አቡነ ጳውሎስም አቶ መለስም ባረፉበት በነሐሴ 2004 መግባቱን፣ ኤርባስ 350 በሰኔ 2008 ከቱሉዝ መምጣቱን፣ ታላቅ ወንድሙ 350-1000 ደግሞ በ2017 መከተሉን ከነወሩ ያውቁታል። በሦስቱ ላይ «ከአፍሪካ የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል ሳይጨምሩ አያልፉም። ጅራቱ ላይ ያለው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የት ላይ ይታጠፋል በሚል አንድ ወር ሙሉ ተኮራርፈው እንደነበርም ሰምቻለሁ።

ታዲያ የሥራው ትልቁ ጉድለት የሚታየኝ እዚሁ፣ እነሱ በጣም የሚወዱት ቦታ ላይ ነው።

እውነተኛው ርክክብ ረዥም ነገር ነው። አይሮፕላኑ ከፋብሪካው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያበርሩት የሠሪው ኩባንያ የሙከራ አብራሪዎች ናቸው። ሞተር አጥፍተው ያስነሣሉ፣ እግሩን አውጥተው ያስገባሉ፣ ማስጠንቀቂያዎቹን ሆን ብለው ያስጮኻሉ። ቀጥሎ የገዢው ሰዎች ይመጣሉ። ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር ሳይቀር ይፈትሻሉ፤ በተራቸውም ያበርሩታል። ጉድለት ተመዝግቦ ይታረማል። ገንዘብ ይከፈላል፣ ሰነድ ይፈረማል፣ ሪባን ይቆረጣል፤ ባዶውን እንዳይመጣም ብዙ ጊዜ የሕክምና ዕቃ ይጫንበታል። ከዚህ በፊት ደግሞ ከዚህ የሚረዝም ሌላ ታሪክ አለ። የ737 ገላ ካንሳስ ውስጥ ዊችታ በምትባል ከተማ ተሠርቶ፣ መከላከያ አረንጓዴ ቀለሙን እንደለበሰ፣ በባቡር ተጭኖ ሬንተን ይገባል። የ787 ክንፍ ከጃፓን ይመጣል፤ የመካከለኛው ገላው ክፍል ደግሞ ከደቡብ ጣሊያን፣ ከግሮታልዬ። የኤርባስ 350 ክንፍ የዌልስ ሠራተኛ እጅ ነው። አንድ አይሮፕላን ገና ሰው ሳይሳፈርበት ከብዙዎቻችን የበለጠ አገር ዞሯል።

ሲሙሌተሩ የሚጀምረው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፕሮግራሙን ስትከፍት አይሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ታጥቦና ተቀብቶ ይጠብቅሃል። የኤቨረት ፋብሪካ ከመንደርደሪያው ዳር አለ፤ ግን ሣጥን ነው። በር የለውም። አንዷ ሚስማር በየት በኩል እንደምትገባ የሚያውቅ ሰው እዚያ ውስጥ ቆሞ እንደሚውል የሚጠረጥር ተጫዋች የለም። ይህን ለአክስቴ ልጅ ብነግረው ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ ፋብሪካ ማን ይጫወታል?» አለኝ። መልሱ አጭር ነበር፤ ትክክልም ሳይሆን አይቀርም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ምክንያቱም አንድ ጊዜ ተጫውተነው ነበር። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ በ1928 ዓ.ም. አብርሯታል። በንጉሡ ልጅ ስም ፀሐይ ተባለች። በዚያው ዓመት ጣሊያን ገባ፤ ፀሐይም ተማርካ ወደ ሮማ አገር ተወሰደች፣ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየምም ብዙ አሥርት ዓመታት ቆማ ኖረች። ጥር 2016 ላይ ተመለሰች። በደርግ ዘመንም፣ በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ አየር መንገዱ ለእርሻ መድኃኒት መርጫ የሚሆን አንድ የአሜሪካ አይሮፕላን በፈቃድ እዚሁ ገጣጥሞ «እሸት» ብሎት ነበር። እሸት! ይህን የመሰለ ስም ያወጣ ሰው ማን ይሆን እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። አምስቱ ካፒቴኖች ፀሐይን ያውቋታል፤ ስትመለስ በቴሌቪዥን አይተዋታል። እሸትን ግን ከአንዱ በስተቀር አልሰሙትም። በአክስቴ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ የሰው አገር አይሮፕላን ከመቶ በላይ አለ፤ ሁለቱ ግን የሉም። ለምን አልሠራችኋቸውም ብላቸው ቅርጹን ለመሥራት ሥዕላቸውና ልካቸው ያስፈልጋል አሉኝ። ፈልገዋል ወይ? አልፈለጉም። የጅራት ቀለም ለአንድ ወር የሚያኮራርፋቸው ሰዎች የዚህን ያህል ነገር አለመፈለጋቸው ከነሱ ይልቅ ከሥራው የመጣ ጠባይ ይመስለኛል። ሥራው የሚያስተምረው መረከብን ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ሌሊት ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ አይሮፕላናችን አትላንቲክ ላይ እያለ፣ ሻይ እየጠጣን ስለ ዳባቱ ካፒቴን ሲያወራኝ የአክስቴ ልጅ ያልጠበቅሁትን ነገር አነሣ። መምህሩ ባለፈው ዓመት መጋቢት 1 ቀን ጠዋት፣ ልክ 2 ሰዓት ከ38 ላይ፣ በኮምፒዩተሩ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ ነበር። አንባቢ ቀኑን አይረሳውም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚያች ሰዓት ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው አልቋል። አብራሪዎቹ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ ነበሩ። አይሮፕላኑ ከተረከብነው ገና አራት ወሩ ነው።

ካፒቴኖቹ በዚህ ጉዳይ ተጣልተዋል። የጎንደሮቹ «የሰው ሞት አይጫወቱበትም» አሉ። መምህሩ የመለሰው «እኔ የተጫወትሁ ይመስላችኋል?» ብቻ ነው አሉ። እኔ መጀመሪያ ለጎንደሮቹ አደላሁ። በኋላ ግን የሆነውን ስሰማ ሐሳቤን ለወጥሁ። መምህሩ ማክስ ስላልነበረው የተነሣው ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣው በቀድሞው 737-800 ነው። ያ አይሮፕላን ችግር የለበትም። ስለዚህ ተነሣ፣ ከፍ አለ፣ ቢሾፍቱን በግራ ትቶ ወደ ደቡብ ሄደ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላም ናይሮቢ ደረሰ። መምህሩ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ወደ ክፍሉ ሄዶ አስተማረ። ስለዚያ ቀን ከዚያ በኋላ አላወራም።

በሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ያ በረራ ናይሮቢ መድረሱ እንዴት ያለ ነገር ነው? ልብ ያለው ደራሲ ቢሆን አንድ መጽሐፍ ይወጣው ነበር። እኔ ግን ሐያሲ ነኝና ሌላ ነገር አስታወሰኝ። የመምህሩ ማስመሰያ ያን ጉድለት የማያውቀው ርካሽና አሮጌ ስለሆነ ነው ብለን እንለፈው። በሚሊዮን ዶላር የሚገዛው፣ እውነተኛ አብራሪዎች የሚሠለጥኑበትስ?

የሆነው ይህ ነው። ማክስ በክንፍና በነፋስ መካከል ያለውን አንግል የሚለካ መሣሪያ አለው፤ አንዱ ብቻ ቢሳሳት አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚገፋ ፕሮግራም በውስጡ ተቀምጦ ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው የሞተበት የላየን ኤር አደጋ እስኪደርስ ድረስ የፕሮግራሙ ነገር ለአብራሪዎች በሚሰጠው መመሪያ ላይ አልተብራራም ነበር። ለምን? አዲሱ አይሮፕላን ከቀድሞው ምንም አይለይም፣ አብራሪውም ሲሙሌተር ሳይገባ በአጭር የኮምፒዩተር ትምህርት ብቻ ይሸጋገራል ተብሎ ስለተሸጠ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በመስከረም 2013 ባወጣው ሪፖርት እንደተነገረው፣ ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ የሲሙሌተር ሥልጠና አስፈላጊ ሆኖ ቢገኝ በእያንዳንዱ አይሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ውል ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይም ኩባንያው ሁለት የቴክኒክ አብራሪዎቹ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ማሳሳታቸውን አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማማ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ጎማዋ ናት። በሁለቱ አብራሪዎች መካከል፣ ከጉልበታቸው አጠገብ፣ የጅራቱን ሚዛን በእጅ የሚያስተካክሉባት ጎማ አለች። በዚያ ጠዋት ረዳት አብራሪው በእጁ ሊያዞራት ሞክሮ አልሠራ አለችው፤ አይሮፕላኑ በፍጥነት ሲበርር ነፋሱ ጅራቱን ይጫነዋልና ጎማዋ ትጠነክራለች። በሲሙሌተሩ ላይ ግን ያቺ ጎማ እንደዚያ አትጠነክርም ነበር። ቦይንግ በግንቦት 2011 የማክስ ሲሙሌተር ፕሮግራም አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል እንደማያሳይ አምኖ አርሜዋለሁ ብሏል። በጥር 2012 ዋዜማ ደግሞ አብራሪዎች ሲሙሌተር ይግቡ ሲል ራሱ መከረ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ አቻዎቻቸው በአብራሪዎቹ ድርሻ ላይ የማይስማሙበት ነገር እንዳለ ገልጠዋል፤ ያ ክርክር የባለሙያ ነውና አልገባበትም። አየር መንገዱም ማክስን በጥር 2014 ወደ ሥራ መልሶታል። እኔ የምለው ስለ ማስመሰያው ነው። ማስመሰያ የሚያሳየው የሠሪውን እውቀት ነው፤ ሠሪው ሊያሳይ የፈለገውን ያህል። የዳባቱ መምህር ጠረጴዛ ላይ ያለውና በሚሊዮን ዶላር የተገዛው በዚህ በኩል ወንድማማች ናቸው። ጎማዋ ምን ያህል እንደምትከብድ ለማወቅ ጎማዋን የሠራት ሰው መሆን ወይም ያን ሰው ፊት ለፊት የመጠየቅ ሥልጣን ያለው መሆን ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና ከተሰበረ መጫወቻ የሠራትን መሪ እየነካካ «ይቺ ደግሞ በጣም ትቀላለች» አለ። አዝማሚያዬን ሳይገባው አልቀረም።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አክስቴ ቡና ልታፈላ ተነሥታ ራሷን በጓዳው በር አስገባችና «ልጆቼ፣ ደረሳችሁ?» አለች። «ገና ሱዳን ላይ ነን» አልናት። «እመ ብርሃን ታግባችሁ» ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነው ደረስጌን አሳየኝ ያልሁት። አይሮፕላኑ በሱዳን በኩል ወደ ደቡብ ሲወርድ ስሜን በግራ በኩል ይቀራል። ልጁ ካሜራውን ወደ ግራ አዞረው። እውነቱን ልናገርና የሰው ሥራ ሲያምር ማመስገን ደስ ይለኛል፤ የተራራው ነገር አስደንቆኛል። በዚያ አሮጌ እትም ላይ እንኳ የሊማሊሞ ገደል፣ የቧሒት ትከሻ፣ ራስ ደጀን በቦታቸው አሉ። ጥላው ከምሥራቅ ሲመጣ ገደሉ እንዴት እንደሚከፈት ያየ ሰው የስሜን ጠዋት ነው ብሎ ይምላል። ደረስጌ ግን የለችም። ከመካነ ብርሃን በላይ መሆን በሚገባት ቦታ ላይ ቡናማ ጨርቅ ተነጥፏል። አዲስ አበባ ባየሁት በአዲሱ እትም ይህ ተሻሽሏል፤ ፎቶግራፉ አለ፣ ማሽኑ ደግሞ ከሰማይ ያየውን ጣራ ሁሉ ቤት ነው ብሎ እየገመተ ግድግዳ ያቆምለታል። በዚህ መንገድ በመላው ዓለም 1.5 ቢሊዮን ያህል ሕንፃ ተሠርቷል ይላሉ። እዚያ ላይ ደረስጌ ማርያምን ፈልጌ አንድ ባለ አራት ማዕዘን ቤት አገኘሁ። መስኮት አለው። የገደል ዳር መንገዶቹም ባዶ ናቸው፤ በቅሎ የለ፣ ገበያተኛ የለ፣ ጭላዳ የለ። ዓለሙ በሙሉ ሰው ጥሎት የሄደ አገር ይመስላል።

ደረስጌ ማርያምን ተማሪ ሳለሁ አይቻታለሁ። ክብ ናት፤ በድንጋይ ቅጥር ተከብባለች፣ የውስጥ ግድግዳዋ በሥዕል ተሞልቷል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሯት ለራሳቸው ንግሥ አስበው ነው ይባላል፤ ጀርመናዊው የዕጽዋት ሊቅ ሺምፐር በሥራው ረድቷል። የካቲት 1847 ዓ.ም. ላይ ግን ደጃች ካሣ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነሥተው፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሌላው ያሠራውን ተረክበው ማለት ነው። ከዓለም ርክክቦች ሁሉ ይህን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። ግን እኚህ ሰው በመረከብ አልረኩም። መድፍ የሚገዙበት መንገድ እንደሌለ ሲያዩ ጋፋት ላይ የተሰበሰቡትን አውሮፓውያን «ሥሩልኝ» አሉ። እነሱም ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አልቻልንም ቢሉ አልሆነም። ምድጃ አቆሙ፣ ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ ደግመው ሞከሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ እንዲህ ተወለደ። ከዚያም ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከፊት እየሆኑ፣ መንገድ እየተጠረገለት ለወራት በሰው ትከሻ ተጎተተ። የመድፉ መጨረሻ ምንም ይሁን ምን፣ መሥራቱንም መሞከሩንም ማድረሱንም በአንድ ትንፋሽ የፈለገ ሰው ነበር።

የጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ ዛሬ አፄ ቴዎድሮስ ይባላል። በሲሙሌተሩ ላይ አለ፤ መንደርደሪያው በሜትር ትክክል ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን በኩራት አሳየኝ። ደረስጌ አለመኖሯ እሱንም ሳያሳፍረው አልቀረም መሰለኝ «እሷን እንኳ በእጅ መሥራት ይቻላል፤ የሚሠሩ ሰዎች አሉ» አለ። ክብ ጣራ ለመሥራት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል አልሁት። «ልኳን ካመጣችሁልኝ ሁለት ሳምንት» አለኝ። እኔም በሚቀጥለው ወር ከመካነ ብርሃን ሰው ሲመጣ የቅጥሩን ዙሪያና የጣራውን ቁመት በክንድም ቢሆን ለክቶ እንዲያመጣ እልክበታለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። የፀሐይና የእሸት ልክም እንዲሁ ይፈለግ ስለው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ይሠራው አይሠራው አንድዬ ይወቅ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ52 ላይ ቦሌ አረፍን። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ማረፊያ ነውና አየሩ ቀጭን ነው፤ ትንሽ ፈጠን ብለን ወረድን፣ ጎማው ሁለቴ ነጠረ። ባትሪዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። አክስቴ ሦስተኛውን ስኒ ይዛ መጥታ አጨበጨበች። ልጁ ሞተሮቹን አንድ በአንድ አጠፋ፣ ደብተሩን ገለጠና «13 ከ52» ብሎ ጻፈ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ለረዥም ጊዜ ተመለከተ። የሠላሳ አምስት ደቂቃ ልዩነት።

«ጋሼ፣ እናንተ ጋዜጠኞች ይህን ታገኙታላችሁ» አለኝ። «በዚያን ዕለት ሜዲትራንያን ላይ ነፋሱ በየት በኩል ነበር?»